የገላባት ስኳር

ዙፋን ወደ ገላባት የምትሻገረው ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞን የመረጠችው ያለ ነገር አይደለም። በዚያ ቀን ከረፋዱ ጀምሮ አብዮት ጠባቂዎቹ ለስብሰባ ስለሚጠሩ ኾሩ ዳር ያለው ኬላ ይሳሳል። ኾር የሚሉት መተማንና ገላባትን የሚለየውን ወንዝ ነው። ወንዝ ማለት እንኳ ይበዛበታል፤ ኅዳር ሲገባ ውኃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም። በዚያች እርጥብ አሸዋ ላይ ግን ሁለት መንግሥታት ተፋጠዋል። ያለ ፈቃድ የተሻገረ ሰው ኮንትሮባንዲስት ነው፤ ቀን የጎደለበት ደግሞ ሰላይ ይባላል። ሰላይ የተባለ ሰው በመኪና ወደ ጎንደር ሲወሰድ ያየ ብዙ ነው፣ ሲመለስ ያየ ግን የለም።

ታዲያ ይህችን ሁለት ልጆች ያሏትን ሴት እዚያ ምን ወሰዳት? ስኳር ነዋ። ባሏ አገኘሁ ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እሷም ለመንግሥት እርሻ ሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ለሚመጡ ሠራተኞች መንገድ ዳር ሻይ እያፈላች ትሸጣለች። ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣ የጎጃም ልጅ ደግሞ እስካሁን አልተወለደም።

የቀበሌው ሱቅ ርካሽ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ርካሽነቱን ማንም አይክድም። ችግሩ ዕቃ የለውም። የስኳር ዋጋ በካርቶን ላይ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ስኳሩ ግን ከዋጋው ጋር አልመጣም። በሁለት ወር አንዴ ሲመጣም ጎህ ሳይቀድ ተሰልፎ፣ ስብሰባ አለመቅረትን በካርድ አሳይቶ፣ ለአንድ ቤት ግማሽ ኪሎ ነው። በጓሮ በር የሚሸጡት ነጋዴዎች በበኩላቸው ሦስት እጥፍ ይጠይቃሉ፤ የጠየቁትን ከፍላ ሻይ የምትሸጥ ሴት ደግሞ ዕቃዋን ሸጣ ትጨርሳለች። ገላባት ላይ ግን ስኳሩም፣ ሳሙናውም፣ ሻይ ቅጠሉም እንደ ልብ ነው።

ገላባት ውስጥ ራሱ ሱቅና ሱቅ ይለያያል። በሱኩ፣ ማለትም በገበያው፣ መግቢያ ላይ ያሉት ነጋዴዎች መደርደሪያ አላቸው፣ ሚዛናቸው ያብረቀርቃል፣ ስኳሩን በአዲስ የወረቀት ከረጢት አድርገው ይሰጡሃል፤ የከረጢቱንም የመደርደሪያውንም ዋጋ ግን ስኳሩ ላይ ጭነው ነው። ሐሚድ የሚባለው ሱዳናዊ መጨረሻ ላይ፣ ከአህዮቹ ማሰሪያ አጠገብ ነው ያለው። መደርደሪያ የለው፣ ቀለም የለው፣ ጆንያዎቹን መሬት ላይ ከፍቶ ያስቀምጣል፤ ገዢው ራሱ ይዝቃል፣ እሱ ይመዝናል። መጠቅለያው ደግሞ ከገዳሪፍ በኪሎ የሚገዛው ውዳቂ ወረቀት ነው፤ የተማሪ ደብተር ቢሆን፣ የሲሚንቶ ከረጢት ቢሆን፣ ያረጀ ጋዜጣ ቢሆን ግድ የለውም። ሰው ቅር ሲለው ከሠራተኞች በለመደው አማርኛ፣ ወረቀት ይበላል እንዴ፣ የሚበላው ስኳር ነው፣ ስኳሩ ደግሞ ረኺስ ነው ይላል። ረኺስ ማለት ርካሽ ነው። ከአምስት ኪሎ በላይ ለገዛ ሰው ዋጋውን ይቀንሳል፤ ዙፋንን የሳባትም ይኸው ነው።

አምስት ኪሎ የሚሞላ ገንዘብ ግን ለብቻዋ የላትም። ስለዚህ አራት ሴቶች አንድ ላይ ያስመጣሉ፤ እሷ፣ ጎረቤቷ አሰበች፣ አሮጊቷ እማማ ታይቱ፣ እና ፈንቴ። አራቱም ቢሻገሩ አራቱም ይያዛሉ፤ አንዷ ለሁሉም ትሄዳለች። ዓረብኛ የምትሞክረው ዙፋን ስለሆነች አንዷ ሁልጊዜ እሷ ሆነች። ፈንቴ የደምለው ሚስት ናት። ደምለው የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊና የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነው፤ ኮንትሮባንድ የአብዮቱ ነቀርሳ ነው እያለ በየስብሰባው የሚጮኸው እሱ ነው። ማታ ማታ ሁለት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ ይጠጣል፤ ስኳሩ ከየት እንደመጣ ጠይቆ አያውቅም። ዙፋን መጀመሪያ ፈንቴን ማስገባቱን ፈርታው ነበር። አሰበች ግን የእሱ ሚስት ካለችበት ማን ይነካናል ብላ አሳመነቻት።

የዚያን ማክሰኞም ዙፋን እንስራዋን አዝላ ወረደች፣ ተሻገረች፣ ገዛች። ሐሚድ ወረቀት ከአንድ ክምር እየመዘዘ ስኳሩን በአራት ጥቅል አድርጎ ሰጣት። ጥቅሎቹን እንስራው ውስጥ ከታ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ደፍና፣ ውኃ እንደቀዳች ሴት ጎንበስ ብላ ተመለሰች። ኬላው ጋ ስትደርስ እንደ ሁልጊዜው ፈራች፤ ስድስት ወር ተመላልሳ እንኳ ያንን ፍርሃት አልለመደችውም። ማንም አላስቆማትም። በየቤቱ የየድርሻቸውን አደለች፣ እቤቷ ገባች፣ በሩን ቀረቀረች፣ ተነፈሰች።

ስኳሯን ወደ ጣሳ ገለበጠችና ወረቀቱን ለእሳት መለኮሻ ብላ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። የአማርኛ ጽሑፍ ነበር። ዙፋን ባለፈው ዙር መሠረተ ትምህርት ጨርሳ የምስክር ወረቀት ተቀብላለች፤ ፊደል ካየች ሳታነብ ማለፍ አይሆንላትም፣ የጨው ከረጢት ላይ ያለውን እንኳ ታነባለች። ጣቷን እያስከተለች ጀመረች። የመጀመሪያው መስመር ሰፊው ሕዝብ ሆይ ይላል። ሁለተኛው ደምህን ያፈሰስክበት ትግል ይላል። ሦስተኛው በድል ይጠናቀቃል ይላል። በየስብሰባው የምትሰማው ነውና ጋዜጣ መሰላት። አራተኛው መስመር በትልልቁ የተጻፈ ነበር፤ መጨረሻው ይውደም ነው። ይውደምን ከርቀት ታውቀዋለች፤ ኢምፔሪያሊዝም ይውደም እያለች ስንት ቀን ክንዷን አንሥታ ጮኻለች። ከይውደም በፊት ያለው ቃል ግን ኢምፔሪያሊዝም አልነበረም፣ አጭር ነበር። ደ። ር። ግ።

እንደገና አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ ለማንበብ ዓይኗ እምቢ አለ። ማዶ ያሉት የመንግሥት ጠላቶች ወረቀት ነው፤ እያተሙ በሌሊት የሚበትኑት የተባለው ወረቀት። ተርፎ ወድቆ፣ በኪሎ ተሸጦ፣ ሐሚድ ሱቅ ደርሶ፣ ስኳር ተቋጥሮበት በእሷ ጀርባ ኾሩን ተሻግሯል። ባለፈው ክረምት አንድ የጭነት መኪና ረዳት ከመቀመጫው ሥር እንዲህ ያለ ወረቀት ተገኘብህ ተብሎ ሲወሰድ፣ ማንበብ አልችልም እያለ ሲምል ሰምታው ነበር። አልጠቀመውም። እሷ ደግሞ ማንበብ እንደምትችል ማኅተም ያለው ማስረጃ ግድግዳዋ ላይ ሰቅላለች።

ወረቀቱን ምድጃው ውስጥ ጣለችና አመዱን በእንጨት አደቀቀችው። ከዚያ በኋላ ነው ሌሎቹ ሦስት ጥቅሎች ትዝ ያሏት። ራሷ በእጇ፣ በር እያንኳኳች አድላዋለች።

እየሮጠች እንዳትታይ እየተራመደች፣ እየተራመደች እንዳትዘገይ እየፈጠነች አሰበች ቤት ደረሰች። አሰበች ወረቀቱን እሳት አያይዛበት ሽሮ እያማሰለች ነበር። ዙፋን ምንም ሳትነግራት ወጣች፤ አሰበች ደግ ሴት ናት፣ ምላሷ ግን አያርፍም።

ቀጥላ ፈንቴ ቤት ሄደች። ይህኛው በር ነበር ያስፈራት። ደምለው ቢኖርስ? ምን ፈለግሽ ቢላትስ? ለበርበሬ መጠቅለያ የሚሆን ወረቀት አለሽ ወይ የሚል ጥያቄ መንገድ ላይ አዘጋጀች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ግማሹ ጠፋባት። ፈንቴ ግን ብቻዋን ነበረች፤ ዙፋን ወረቀት አለሽ ወይ አለቻት። ደምለው የማዶ ነገር እቤት ውስጥ እንዲታይ ስለማይፈልግ ስኳሩን ገልብጣ ወረቀቱን ወዲያው ነው የማቃጥለው አለቻት፣ ምነው ላብ በላብ ሆንሽ ብላም ጠየቀቻት። ዙፋን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ፈገግ ልትል ነበር።

ፈንቴ ቀጠለች። ወረቀት ከፈለግሽ እማማ ታይቱን ጠይቂያቸው አለቻት፤ እሳቸው የስኳራቸውን ወረቀት አጣጥፈው ይዘው አሁን በዚህ አለፉ። ደምለው ትናንት ለክፍሉ ተማሪዎች፣ ከመማሪያ መጽሐፉ በቃል እያነበነባችሁ አታለላችሁኝ፣ ነገ እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ የተጻፈ ነገር ይዛችሁ ኑና ሰው ፊት አንብቡ ብሏል። እማማ ታይቱ ቤታቸው ውስጥ የተጻፈ ነገር ምንም አልነበራቸው፤ እግዜር በስኳር ጠቅልሎ ላከልኝ እያሉ ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ዙፋን ደህና ዋይ ሳትል ወጣች። ከፈንቴ ቤት እስከ ቀበሌው አዳራሽ ያለው መንገድ ረጅም አልነበረም፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አላት። የዘጠኝ ሰዓቱ ፀሐይ አናቷን ይበሳል። እማማ ታይቱ ባልና ልጅ የሌላቸው ናቸው፤ አገኘሁ ሲዘምት ልጆቿን ይዘው ሳምንት ሙሉ እሷ ቤት ያደሩ ሴት ናቸው። በስድሳ ምናምን ዓመታቸው ፊደል ልቁጠር ብለው ሦስት ጊዜ ወድቀው አራተኛ የተመዘገቡ ናቸው። አሁን ያንን ወረቀት ሰው ፊት ሊያነቡት ነው። ከየት መጣ ሲባሉ ደግሞ ውሸት አያውቁም። ዙፋን ያስመጣችው ነው ይላሉ፤ ክፋት ሳይኖራቸው፣ ምስጋና እያስመሰሉ ይናገሩታል።

አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ እማማ ታይቱ ቆመዋል። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ደምለው ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ሰ... ፊ... ው» አሉ እማማ ታይቱ። «ሕ... ዝ... ብ። ሰፊው ሕዝብ»

ደምለው ጎበዝ አለ። ክፍሉ አጨበጨበ። ዙፋን በሩ ላይ ሆና፣ እማማ ጥጃዎ ተፈትቶ የሰው ማሳ ውስጥ ገብቷል አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ደምለው በቁጣ ዞረ። ትምህርት አይቋረጥም፣ ጥጃው ይቆያል፣ አንቺ ጨርሰሽ የለም እንዴ፣ እንግዲያው ተቀምጠሽ ለሌሎቹ አርአያ ሁኚ አላት። እማማ ታይቱም ግድ የለም ልጄ፣ ይብላ፣ ዛሬ ቀኔ ነው ብለው ሳቁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዙፋን የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

ሁለተኛው መስመር ተጀመረ። ደምህን ያፈሰስክበት ትግል። ደምለው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፤ እሱም እንደ ዙፋን ጋዜጣ መስሎታል። ዙፋን ወረቀቱን በቃሏ ታውቀዋለች። ሁለት መስመር ቀረ አለች በልቧ። እማማ ታይቱ እየተንተባተቡ፣ እየተመለሱ፣ ግንባራቸውን እየጠረጉ ነው የሚያነቡት፤ እያንዳንዷ ፊደል አንድ አንድ ሚስማር ሆና ደረቷ ላይ ትመታባት ነበር። ተነሥታ ወረቀቱን ነጥቃ ብትሮጥስ? በር ላይ ጠመንጃ የያዘ ልጅ አለ። ራሷን ስታ ብትወድቅስ? ውኃ አርከፍክፈውባት ንባቡን ይቀጥላሉ። ልጆቿን ማን ያሳድጋቸዋል? እሷ ብትወሰድ ልጆቿን አደራ የምትላቸው አንዲት ሴት እማማ ታይቱ ነበሩ፤ እሳቸው ግን አብረዋት ይሄዳሉ። ሦስተኛው መስመር አለቀ። በድል ይጠናቀቃል። ጭብጨባው ከፊተኛው በረታ።

«ደ...» አሉ እማማ ታይቱ። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፣ አራቁ። «ልጄ፣ ይቺን ዓይኔ አልለየልኝም። ደ ብዬ ቀጥሎ ያለችው ምንድን ናት?»

ደምለው ወደ እሳቸው በደግነት ነበር የሄደው፤ ይህንን ዙፋን ኋላም አትክድም። ጎንበስ አለላቸው፣ ጣቱን ፊደሏ ላይ አደረገ። «ር ናት እማማ። ከዚያ ግ። ደርግ» አለ ጮክ ብሎ። ቀጥሎ ያለውን ለማንበብ አፉን ከፈተ፣ ከፍቶት ቀረ።

ዙፋን ሰው ሲፈራ ብዙ አይታለች። በዚያች ከተማ በዚያ ዘመን ያልፈራ ማን ነበር? ደምለው ሲፈራ ግን አይታ አታውቅም። ከአንገቱ ጀምሮ ፊቱ አመድ መሰለ። ሠላሳ ሰው ፊት፣ በእሱ ክፍል፣ በእሱ ትእዛዝ፣ ሦስት መስመር ተነቦ ጎበዝ ብሎ አስጨብጭቧል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ እሱ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሰዎቹ ደርግ ምን ሆነ እንደማለት አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ።

«ይለምልም» አለ ደምለው። «ደርግ ይለምልም ነው የሚለው»

ክፍሉ አጨበጨበ። ዙፋንም አጨበጨበች። በዚያች ቅጽበት ነበር ደምለው ቀና ሲል ዓይን ለዓይን የተያዩት። ፊቷን አየ፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን እንደምታውቅ ፊቷ ላይ አነበበ። እሷም እንዳነበበው አወቀች።

ወረቀቱን ከእማማ ታይቱ እጅ ወሰደና ቀስ ብሎ ከየት እንዳመጡት ጠየቃቸው። የሚሰማው የፊተኛው አግዳሚ ብቻ ነበር፤ ዙፋን ደግሞ እዚያው ነው የተቀመጠችው። ልብሷን በሁለት እጇ ጨበጠች። አሁን ስሜ ይጠራል አለች በልቧ።

«ስኳር ተጠቅልሎበት መጣልኝ» አሉ እማማ ታይቱ። «እናንተም ቤት የገባው ስኳር እኮ ነው ልጄ። ከፈንቴ ጋር አብረን ነው ያስመጣነው»

አሮጊቷ ይህንን ሲሉ የዋህ ነበሩ ወይስ ብልህ፣ ዙፋን ዕድሜዋን ሙሉ ብታስበው አልለየላትም። ፊታቸው ላይ ሽማግሌ ተማሪ ጎበዝ ሲባል የሚያሳየው ደስታ ብቻ ነበር። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ማን አመጣው? ደምለው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። መልሱ ከዙፋን አልፎ የራሱ ጓዳ ድረስ እንደሚሄድ ገብቶታል። ጥያቄው አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ያረጀ ጋዜጣ ነው፣ ፊደሉ ጠፍቷል፣ ከእንግዲህ መጽሐፋችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ አለ። ወረቀቱን አራት ቦታ ቀዳዶ ኪሱ ከተተውና ትምህርቱ አበቃ አላቸው።

ሰው እየተንጋጋ ሲወጣ ዙፋን መሀል ገብታ አንገቷን ደፋች። በሩ ላይ ግን ደምለው ቆሞ ነበር፤ ሌላ ሰው የሚያነጋግር መስሎ ወደ ጎን ዞረ።

«ማክሰኞ ስትሄጂ የራስሽን ከረጢት ይዘሽ ሂጂ» አላት በሹክሹክታ።

ማክሰኞ መሆኑን ማንም አልነገረውም። ስድስት ወር ሙሉ ያውቅ ኖሯል። ቀኑንም፣ መንገዱንም፣ እንስራዋንም። በየስብሰባው ነቀርሳ ነው እያለ ሲጮህ እሷን እያያት ነበር። ዙፋን እቤቷ እስክትደርስ እግሯ መሬት መርገጡን አላወቀችም። ልጆቿን አቅፋ ተቀመጠች። ከዚህ በኋላ ኾሩን ብሞት አልሻገርም፣ ሻዩም ይቅር፣ እንጨት ለቅሜም ቢሆን አሳድጋቸዋለሁ ብላ ማለች። መሐላው ትንሽ አረጋጋት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ፈንቴ መጣች። እንደ ሌላ ጊዜው አልተቀመጠችም። የተጠቀለለ ብር ከጉያዋ አወጣችና ለሚመጣው ማክሰኞ ነው አለች። ሁለት ኪሎ የነበረው አራት ይሁን ብሎ የላካት ደምለው እንደሆነም ነገረቻት። ዙፋን መሄዱን ትቼዋለሁ፣ በቃኝ አለች። ፈንቴ ወደ በሩ ተመለከተች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ብትቀሪ አይሆንም ብሏል። ስድስት ወር ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ውኃ የምትቀዳ ሴት፣ እማማ ታይቱ ያንን ካነበቡ በኋላ በድንገት ከቀረች ሰው ለምን ይላል። ለምን ካለ ደግሞ እኛ ቤት ይደርሳል። እንዳትቀሪ ዙፋኔ»

ልመናም ማስፈራሪያም ነበር፤ የትኛው እንደሚያይል ፈንቴ ራሷም የምታውቅ አትመስልም። ዙፋን ብሩን ተቀበለች።

«ለእናንተ አራት» አለች ዙፋን፣ «ለእማማ ታይቱ አንድ።» ለአሰበች ስንት እንደሆነ ግን ከፍርሃቷ ብዛት ጠፋባት።